ወደ ሐዋርያት ደጃፍ

ለኢትዮጵያ ሰው ደጃፍ ማለት የእንጨትና የድንጋይ ነገር ብቻ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ጸሎቱን ከውስጥ አይጀምርም፤ ገና በቅጽሩ በር ቆሞ፥ አማትቦ፥ መቃኑን በግንባሩና በከንፈሩ ነክቶ ያልፋል። ለመግባት አልበቃሁም የሚለውም ከዚያው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ጸልዮ ይመለሳል፤ ወደ ቤቱም በደረሰ ጊዜ «ተሳልሜ መጣሁ» ይላል እንጂ «ሳልገባ ቀረሁ» አይልም። በቤተ መንግሥት ወገን ደግሞ ደጅ መጥናት የሚባል ልማድ ነበረ፤ ባለ ጉዳይ ከጌታው አጥር ውጪ ቀን እየቈጠረ፥ ፀሐይ እየመታው፥ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ይጠብቃል። አንደኛው ደጅ የፍቅር ነው፤ ሁለተኛው የግዴታ ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳቷን በየጊዜው ወደ ሐዋርያት ደጃፍ የምትጠራበትን ሥርዐት ለማስተዋል አይቸገርም። ሥርዐቱ በላቲን ቋንቋ «አድ ሊሚና አፖስቶሎሩም» ይባላል፤ ትርጓሜውም ወደ ሐዋርያት ደጆች ማለት ነው። በዚህም ሥርዐት ውስጥ መሳለሙም መጥናቱም በአንድነት ይገኛሉ።

የነገሩ ሥር ከሕጉ ይልቅ ጥንታዊ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ጴጥሮስን ሊያይ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ወጣና በእርሱ ዘንድ 15 ቀን እንደ ተቀመጠ ይናገራል። በዚያ 15 ቀን ውስጥ ምን እንደ ተነጋገሩ አልጻፈም፤ የጻፈው መሄዱንና አብሮ መቀመጡን ነው። ሁለቱ ሐዋርያት በሮማ በሰማዕትነት ካረፉ በኋላ የጳጳሳት መንገድ ወደ መቃብራቸው ሆነ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1585 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 5ኛ ይህን ልማድ በሕግ አጸኑት፤ እንደየአገሩ ርቀትም የሚመጡበትን ዘመን ለያይተው ወሰኑ። እንደ አውሮፓ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ፒዮስ 10ኛ ጳጳሳት የሀገረ ስብከታቸውን ሁኔታ ጽፈው የሚያቀርቡበት ዘመን በየአምስት ዓመቱ እንዲሆን አዘዙ። የግዕዝን ሥርዐት የሚከተሉት ካቶሊካውያን የሚተዳደሩበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍም ይህንኑ ግዴታ ይዞአል።

በጉዞው ጳጳሱ የሚፈጽማቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ መቃብር ይጸልያል፤ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ቀርቦ ይነጋገራል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን መሥሪያ ቤቶችም ይጐበኛል። ከመነሣቱ በፊት ግን የጽሑፍ ሪፖርት ይልካል፤ ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ፥ ስንት ካህን እንዳለ፥ ትምህርት ቤቱና የሕሙማን ቤቱ በምን እንደሚተዳደር፥ ገንዘቡ እንዴት እንደ ገባና እንደ ወጣ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ማሰናዳት ከመንገዱ ይልቅ ሳያደክም አይቀርም። ከዚህም የተነሣ ጉዞው የሒሳብ ማወራረጃ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በሰላም አገር፥ መንገዱ ሁሉ በተከፈተበት ስፍራ ለሚኖር ጳጳስ ምናልባት እንደዚያ ይመስል ይሆናል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጳጳሳት በ2006 ዓ.ም. ያደረጉት ጉዞ ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ ነገሩንም ለመረዳት አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ወደ ሮማ የሚወስደው መንገድ ጳጳሳት ሳይሄዱበት መነኰሳት የሄዱበት ነው። ከኢየሩሳሌም ተነሥተው፥ መቋሚያቸውን ይዘው ባሕር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ማረፊያ ተሰጣቸው። ያ ስፍራ እስከ ዛሬ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይባላል። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ 1548 እና 1549 ነበረ። አገሩ በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ከተቃጠሉበት ጥቂት ዓመት ብቻ ስላለፈ፥ የሥራቸው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

ከዚያም ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1833 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ እንዲለምኑ መልእክተኞችን ወደ ግብጽ ላኩ። ከመልእክተኞቹ ጋር የሄዱት ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ የአገሩ ሰው በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው እርሳቸው ናቸው። ከተላኩትም መካከል ከጎጃም የተወለዱ፥ አንድ ዓይናቸው የማታይ፥ ስለ ሃይማኖት ነገር መጻሕፍትን ሲመረምሩ የኖሩ አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ መነኵሴ ነበሩ። በግብጽ ጕዳያቸው ተፈጸመ፤ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከመልእክተኞቹ ወገን ግን አያሌዎቹ ከካይሮ አልተመለሱም፤ ባሕሩን ተሻግረው ሮማ ገቡና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። በአንድ ጉዞ ሁለት ደጃፍ መሳለም ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ክርክርና ኀዘን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያሻም፤ አባ ገብረ ሚካኤል እንደ አውሮፓ በ1844 ካቶሊካዊ መሆናቸውንና በ1855 በእግር ብረት ታስረው መሞታቸውን መናገር ይበቃል። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በቀይ ባሕር ቈላ መንገድ ሲሄዱ ዐረፉ፤ መቃብራቸው በሄቦ ነው። ሄቦ ዛሬ በኤርትራ ምድር ትገኛለች፤ ይህም ነገር ኋላ ይነሣል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በዚች ከተማ «ልደታ» የሚለው ስም ከአንድ ነገር በላይ ይጠራበታል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ የካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስ መንበር ያለበት ካቴድራልም እንዲሁ በእመቤታችን ልደት ስም የተሰየመ ነው። የቀድሞው የአይሮፕላን ሜዳም የልደታን ስም ይዞ ኖሮአል፤ ቦሌ ከተሠራ በኋላ ሕዝቡ አካባቢውን ኦልድ ኤርፖርት ብሎታል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው መንገደኛ ጫኝ አይሮፕላን ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ፥ በአሥመራ ዐርፎ፥ ካይሮ ገባ። እንግዲህ ከልደታ ሜዳ ወደ ውጪ አገር የተከፈተው የመጀመሪያው የሰማይ መንገድ በአሥመራ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ መንገድ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

በቤተ ክርስቲያንም ወገን መንገዱ እንዲሁ ነበረ። በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ የግዕዝ ሥርዐት ካቶሊካውያን የሊቀ ጳጳስ መንበር ስትሆን፥ አሥመራና አዲግራት በሥርዋ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ብፁዕ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ የኤርትራ ተወላጅ ነበሩ፤ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሊቅ እርሳቸው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. የካርዲናልነት ማዕርግ ሲሰጣቸው ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ካርዲናል ሆኑ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራስዋን የቻለች መንግሥት ከሆነች በኋላም ይህ ሥርዐት አልፈረሰም። የአሥመራ፥ የከረንና የባረንቱ፥ ኋላም የሰገነይቲ አህጉረ ስብከት የአዲስ አበባውን ሊቀ ጳጳስ እንደ ታላቅ ወንድም እያዩ ቈዩ፤ የሁለቱ አገር ጳጳሳትም በአንድ ጉባኤ ይቈጠሩ ነበር። መንግሥታት ሲለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ወዲያው ተከትለው መለያየታቸው የተለመደ ነውና፥ ከሕዝቡ ከመቶው አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ምእመን ያላት ይህች ቤተ ክርስቲያን አንድነትዋን ጠብቃ መቈየቷ ሊደነቅ ይገባዋል።

በ1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ተነሣ። ሁለት ዓመት በፈጀው ውጊያ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች ከሁለቱም ወገን አለቁ። ብዙ ሺህ ሰዎች ከኖሩበት አገር ተባረሩ፤ ባል ከሚስት፥ ልጅ ከአባት ተለየ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን ተተካ። ድንበሩ ተዘጋ፤ ቴሌፎኑ ተቈረጠ፤ ከአዲስ አበባ አሥመራ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ የአይሮፕላን መንገድ ሲሆን አንድም በረራ አልነበረም። በአዲስ አበባ ያለች እናት በአሥመራ ካለ ልጅዋ ጋር ለመነጋገር በሌላ አገር የሚኖር ዘመድ መካከል መግባት ነበረበት፤ ለመተያየት የሚሻም በሦስተኛ አገር ይቀጣጠር ነበር።

ጳጳሳቱም እንደ ሕዝባቸው ነበሩ። ወንድም ጳጳስ ወንድሙን ሊጐበኝ መርብን መሻገር አይችልም ነበር። የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ በሥሩ የተቈጠሩትን የኤርትራ አህጉረ ስብከት በወረቀት ያውቃቸዋል እንጂ በመንገድ ሊደርስባቸው አልቻለም። የአዲግራት ጳጳስ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበረበት፤ ሀገረ ስብከቱ ከድንበሩ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ምሽጉ የተቈፈረው በገዛ ምእመናኑ እርሻ ላይ ነው። ጦር በገጠሙት በሁለቱ ወገኖች ውስጥ በአንድ ግዕዝ የሚቀድሱ፥ በአንድ ቅዳሴ የሚቈርቡ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ ሁሉ አባት ነኝ የሚል ሰው ስለ የትኛው ልጅ ድል ይጸልያል?

እንግዲህ በ2006 ዓ.ም. የሐዋርያትን ደጃፍ የመሳለም ተራ በደረሰ ጊዜ የሁለቱ አገር ጳጳሳት በአንድነት ወደ ሮማ ሄዱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፥ በ2017 ዓ.ም. ያረፉት፥ በአንድነት ተቀብለው ያነጋገሯቸው ግንቦት 1 ቀን ነበር። ቀኑ እንዲህ እንዲሆን በሮማ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስልም፤ እዚያ እንደ ማንኛውም ዐርብ ያለ ዐርብ ነው። በኢትዮጵያ ግን ልደታ ነው። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ከቤቱ ውጪ በዛፍ ጥላ ወይም በአጥር ሥር ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፥ ቡና ይፈላል፥ የተጣላም ካለ በዚያው ተቀምጦ ሳይታረቅ አይነሣም። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ብቻውን የሚበላ የለም። መንበረ ጵጵስናቸው በልደታ ስም የተሰየመው የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ፥ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል፥ ይህን ቀን በሌላ አገር አሳለፉት፤ ነገር ግን ከአሥመራና ከከረን ወንድሞቻቸው ጋር አሳለፉት። በአገር ቤት ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር።

ይህን ጉዞ ከሪፖርት ማቅረቢያነት የሚለየው ይህ ነው። በሥርዐቱ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጦርነትና ስለ ተዘጋ ድንበር የተጻፈ ነገር የለም። ሲክስጦስ 5ኛ ሕጉን ሲያጸኑ ያሰቡት ጳጳሳት ከሮማ ጋር እንዳይለያዩ ነበር፤ እርስ በርሳቸው እንዳይለያዩ መሆኑ ከሕጉ ጋር ተከትሎ የመጣ በረከት ነው። የሁለት ጠበኛ መንግሥታት ዜጎች ያለ አስታራቂ፥ ያለ ተመልካች፥ ያለ ፖለቲካ ንግግር በአንድ መቃብር ፊት ጐን ለጐን የሚንበረከኩበት ስፍራ በዚያን ዘመን ምን ያህል ነበረ? ዲፕሎማቶች ለዚያ ያህል ብዙ ዓመት ደክመው አልሆነላቸውም።

ከዚህም በኋላ ብዙ ሳይቈይ፥ በ16 ቀኑ፥ ግንቦት 17 ቀን፥ አራቱ የኤርትራ ጳጳሳት በትግርኛ ረጅም ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ። ርእሱን ከኦሪት ዘፍጥረት፥ እግዚአብሔር ቃየንን ስለ አቤል ከጠየቀው ጥያቄ ወሰዱት። ወጣቱ አገሩን ጥሎ በበረሃና በባሕር እያለቀ መሄዱን፥ ቤተ ሰብ መበተኑን፥ ሽማግሌዎች ያለ ጧሪ መቅረታቸውን ዘርዝረው ጻፉ። ያን መልእክት ለማውጣት ድፍረት ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል በግልጥ በማይነገርበት አገር የተጻፈ ነውና። ከሮማው ጉዞ ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ የለም፤ መልእክቱ ቀደም ብሎ ተሰናድቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ወንድምን ስለ መጠየቅ የጻፉት ሰዎች ከሁለት ሳምንት በፊት ለረጅም ዘመን ከተለዩአቸው ወንድሞች ጋር ተቀምጠው የነበሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ያ ጉዞ በአንድ ሊቀ ጳጳስ ሥር ሳሉ ያደረጉት የመጨረሻው ጉዞ ሆነ። ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ በጥምቀት ቀን፥ የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ ተለይታ ራስዋን የቻለች እንድትሆን ተወሰነ፤ የአሥመራው አቡነ መንግሥተ አብ ተስፋ ማርያምም ሊቀ ጳጳስዋ ሆኑ። በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ወገን ባሕር ዳርና ደሴ አዲስ ሀገረ ስብከት ሆኑ። ውሳኔው በቀኖናው መንገድ ሲታይ ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ አባት ሊጐበኘው ያልቻለውን ቤት «የእኔ ነው» ብሎ መያዝ ለቤቱም አይጠቅምም፤ በ22 ዓመት ውስጥም የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ለራስዋ የሚበቁ አባቶች አፍርታ ነበር። ይሁን እንጂ ድንበሩ በመንግሥታት በኩል ያልጨረሰውን ሥራ በቤተ ክርስቲያን በኩል እንደ ጨረሰው መካድ አይቻልም። ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቈይቶ፥ የካቲት 7 ቀን፥ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ የካርዲናልነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በአሥመራ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ አሥመራ በረረ፤ በአሥመራው ማረፊያ ተለያይተው የነበሩ ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የታየበት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ወንድምን ለማየት ወደ ሮማ መሄድ ከእንግዲህ የማያስፈልግ መስሎ ነበር። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ከእምድብሩ ጳጳስ ከአቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስ ጋር የአሥመራው የኪዳነ ምሕረት ካቴድራል የሚያከብረውን የ50 ዓመት በዓል ሊካፈሉ ሄዱ። ቪዛቸውን ይዘው ነበር፤ ነገር ግን እንዳይገቡ ተከለከሉና ከማረፊያው ሳይወጡ ተመለሱ። በዓሉ ያለ እነርሱ ተከበረ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻም አየር መንገዱ የአሥመራውን በረራ እንደ ገና አቋረጠ።

ጳጳሳት እንግዲህ ቢያንስ የሐዋርያት ደጃፍ አላቸው፤ በየተራቸው ይጠራሉ፥ መንገድም ይፈልጉላቸዋል። ምእመናን ግን እንዲህ ያለ ጥሪ የላቸውም። ከአዲግራት ወደ ሰሜን በኢሮብ ተራራ ላይ አሊቴና የምትባል መንደር አለች፤ የካቶሊክ ሃይማኖት በዚያ አገር ሥር የሰደደው በአቡነ ያዕቆብ ዘመን ነው። የኢሮብ ሰው ለእምነቱ አባት አድርጎ የሚያያቸው እርሳቸውን ነው። እንደ አውሮፓ በ1975 ዓ.ም. ቅዱስ ተብለው ተሰየሙ። ሐዋርያቸው የተቀበሩባት ሄቦ ሩቅ አይደለችም፤ የደጋ ሰው የእግር መንገድ የሚለው ርቀት ነው። በ1990ው ጦርነት ኢሮብ ከሁሉ በፊት ከተያዙት አገሮች አንዱ ነበረ፤ ሰዎቹም ተወስደው የገቡበት ሳይታወቅ የቀሩ አሉ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ደግሞ ተራራው ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆነ። ሮማ ደርሰው የጴጥሮስን መቃብር የተሳለሙት የአዲግራት ጳጳስ ወደ ሀገረ ስብከታቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የአሊቴና ሽማግሌ፥ የገዛ ሐዋርያውን መቃብር ለመሳለም ያለው ምኞት በዚያው በሰሜኑ ሸንተረር ማዶ ተቀምጦአል።